መብራት ሲሄድ የሚመጣ ሰው

ቦሌ፣ ግንቦት 18 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

ጤናህ እንዴት ነው? የአራብሳ አቧራ ያመጣብህ ሳልስ ተሻለህ? እኔና ልጅህ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ወልቆ ላገኘችው ሁሉ ታሳያለች።

እሑድ የላክሃቸው ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። በክብር ተቀበልኳቸው። ምሳ በሉ፣ መረቁ፤ ከዚያ አቶ ኤርሳዶ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ እሱ ወደ ቤቱ ቢመለስ ለአንቺም ይበጃል፤ ያለ እሱ ኮምፒዩተርሽ ሦስት ቀን አይሠራም አሉ» አሉኝ። ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

እንግዲህ ስማኝ። እኔ የቧንቧና የሴራሚክ ነጋዴ ነኝ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሁሉ ቁልፉን ይዞ ወደ ሱቄ በሚሮጥበት በዚህ ጊዜ፣ ሰሚት ባለው መጋዘኔ ምን እንደቀረ ለማወቅ ያንተ ፕሮግራም እንደሚያስፈልገኝ አልክድም። ፕሮግራሙ ኮንቴነር በምትላቸው ሦስት ክፍሎች ተከፋፍሎ እንደሚሠራ፣ አንዱ ሽያጩን፣ አንዱ መጋዘኑን፣ አንዱ መዝገቡን እንደያዘ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ቢነሳም ሦስቱ ተኝተው ይቀራሉ። ካንተ ሌላ የሚቀሰቅሳቸው እንደሌለም ነግረኸኛል።

ስለዚህ በጠራንህ ቁጥር ከአራብሳ በታክሲ ትመጣለህ። ትእዛዝ የምትጽፍበትን ጥቁር መስኮት ትከፍትና ስክሪኑን በትከሻህ ትከልላለህ። አሥር ዓመት የገዢን እጅ በዓይኗ እየተከታተለች ለነገደች ሴት ትከሻ አይከልልም። «ዶከር ፒኤስ ኤ» ብለህ የተኙትን ታያለህ፤ «ዶከር ስታርት» ብለህ ስማቸውን ትጽፋለህ፤ አለቀ። ሁለት መስመር። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ግንባርህን ቋጥረህ «ሲስተሙ ከባድ ነው» ትላለህ። ሱቅ ውስጥ የምትሠራልኝ ሶሬቲ እንኳ፣ «እትዬ፣ ሰው መብራት ሲመጣ ነው ደስ የሚለው፤ እኛ ሲሄድ ነው እንግዳ የምናገኘው» እያለች ታሾፋለች።

የዕለት ማስታወሻ የምጽፍበትን ደብተር ታውቀዋለህ። ጥር 16 ላይ እንዲህ ይላል፦ «ከላይኛው ፎቅ የሶፍትዌር ቢሮ የምትሠራዋ ሉሊት ሻወር ልትገዛ መጣች። ጥቁሩን መስኮት አሳየኋት። ‹ሪስታርት ኦልዌይስ የሚል ቢጨመርበት ራሳቸው ይነሳሉ፤ ይኼንንማ ጀማሪም ያውቀዋል። ረስቶት ነው?› አለችኝ። ‹አልረሳውም› አልኳት። ትእዛዙን በወረቀት ጻፈችልኝ። አሁኑኑ ላስተካክለው ስትል፣ ‹ይቆይ› አልኳት።»

ሆን ብሎ የሚያፈስ ቧንቧ ገጥሞ ለጥገና የሚመላለስ ሠራተኛ በየሳይቱ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ አልጠራም። አንተ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መጥተሃል። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያንኑ ሁለት መስመር ስትጽፍ ቆሜ አይቻለሁ። አንድም ቀን ከወንበሩ ዞረህ ኮምፒዩተሩን ያልነካ ነገር አልተናገርክም።

ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲሉ፣ ስለ ልጃችን ምን አለ ብዬ ጠየቅኳቸው። ተያዩ። አቶ ኤርሳዶ ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ «ለእኛ የነገረን ስለ ኮምፒዩተሩ ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። ከሉሊት ወረቀት ላይ እያየሁ «ዶከር አፕዴት»፣ «ሪስታርት ኦልዌይስ»፣ የሦስቱንም ስም አስገባሁ። ማክሰኞ መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሦስቱም በራሳቸው ተነሱ። ሶሬቲ ልማድ ሆኖባት ልትደውልልህ ስልኩን አንስታ ነበር። አስቀምጪው አልኳት። «ታዲያ ጋሼ በምን ሰበብ ይምጡ?» አለችኝ።

ከእንግዲህ ለኮምፒዩተር ብለህ አትምጣ። ሽማግሌም አትላክ፤ ምሳዬን በልተው ሲስተም እንዲያስረዱኝ አልፈልግም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነን። ኮምፒዩተሩ ያለው ሱቅ ነው።

እግዚአብሔር ጤናውን ይስጥህ፤ ከጤናው ጋር ልብም ይስጥህ።

የልጅህ እናት