በሁዳዴ ሳንባ መቀቀል

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ዛሬም ነከሳት። ያችን ነጭ ግልገል፣ እግሯን። ደሙ ብዙ አይደለም፤ ግን አነከሰች፣ እናቷ እየዞረች ጮኸች፣ ግቢው ተደበላለቀ። ውሻዬን ዳማን በአንገቱ ይዤ ወደ ክፍሌ ጎተትኩት። አልጋ ሥር ገብቶ የተጸጸተ መስሎ ተኛ። መስሎ ነው እንጂ ጅራቱ ይወዛወዝ ነበር።

ሲመሽ አከራዬ አደ ሎኮ መጡ። ፍየሎቹ የእሳቸው ናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመው፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺን እወዳለሁ። ውሻሽ ግን የግልገል ደም ቀምሷል። እሑድ ወንድሜ ከወደራ ይመጣል፤ ይዞት ይሂድ" አሉኝ።

ወደራ ምን እንደሚጠብቀው አልነገሩኝም፤ ገብቶኛል። ከብት አርቢ ቤት ግልገል የሚነክስ ውሻ አይከርምም። ቤት ልቀይር? ወባ ሲጥለኝ ወተት እያጠጡ ያስነሱኝን ሴትዮ በውሻ ምክንያት ትቼ ልሂድ?

ባሌ ወታደር ነው፤ አሁን ግዳጅ ላይ ነው። ዳማን ቡችላ ሳለ ከካምፑ በር አንስቶ ያመጣው እሱ ነው። ኔትወርክ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዳማ ነው፤ ስለ እኔ ቀጥሎ። ስንቴ ተቀይሜዋለሁ። አሁን ግን እኔም ዳማ ደጃፌ ላይ ሲተነፍስ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወድጄዋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ሐሳቡ የመጣልኝ ክፍል ውስጥ ነው። መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። አርፎ ለሚቀመጥ ልጅ ከረሜላ እሰጣለሁ። ታዲያ ለዳማስ?

የተሞከሩ፦
ዳቦ። አሽትቶ ተወው።
ሽሮ የነካው እንጀራ። በላው፤ ግን ለእሱ ብሎ ፍየል አይተውም።
ከረሜላ። ጥርሱ ላይ ተጣብቆበት አፉን ሲያላምጥ ቆየ። አሳዘነኝም አሳቀኝም።

የቀረው ሥጋ ነው። በሁዳዴ! የእኛ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ሄድኩና ሳንባ ጠየቅሁ። ሻጩ ለድመት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለውሻ ነው ስለው ጨምሮ ጠቀለለልኝ። ቀቀልኩት፣ ከተፍኩት፣ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ አደረግሁት። ከዚያ እጄን ደጋግሜ ታጥቤ የጾም ሽሮዬን በላሁ።

ፍየሎቹ ከግጦሽ ሲገቡ ዳማ ተወረወረ። ስሙን ጠርቼ ጣሳውን አንኳኳሁ። መንገድ ላይ ቆመ። ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ዞሮ መጣ! አጎረስኩት። ከሠርጌ ቀን የበለጠ ደስ አለኝ። የሠርጌ ቀን ጫማ ልጦኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ሮጠ፣ ጠራሁት፣ መጣ፣ አጎረስኩት። እንደገና ሮጠ፣ ጠራሁት፣ መጣ። እንዲህ ያለ ብልህ ውሻ ነገሌ ውስጥ የለም ብዬ ደመደምኩ።

ደስታዬን ያበላሸችው ብርቄ ናት። የአሥር አለቃ ሚስት፣ እዚሁ ግቢ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ። አፍንጫዋን እየነፋች መጣችና፣ "የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?" አለችኝ። የውሻው ነው አልኳት። ድስቱን አየች፣ ዳማን አየች፣ እኔን አየች፤ ዞራ ሄደች። ቅዳሴም ሳትጠራኝ ብቻዋን ሄደች። ከአደ ሎኮ ቤት ሥጋ ቢሸት ማንም አይደነቅም፤ ፕሮቴስታንት ናቸው። ከእኔ ቤት ሲሸት ነው ነገሩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ጉድ ሆኛለሁ።

ከሥራ ስመለስ አሮጊቷ ፍየል ጥላ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። ዳማ እኔን ሲያይ ብድግ አለ፣ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ሄደ፣ አጠገቧ ቆመ፣ ዞሮ አየኝ። አይጮኽም፣ አያጉረመርምም። እንድጠራው እየጠበቀ ነው! ፍየል ማባረር ሥራው፣ ሳንባው ደሞዙ ሆኗል። አሠሪው ደግሞ እኔ ነኝ።

አምና አንዲት ተማሪዬን ስታለቅስ በከረሜላ ዝም አሰኛት ነበር፤ በኋላ ለከረሜላው ስትል ማልቀስ ጀመረች። ያኔ የተማርኩትን ለውሻ ሲሆን ረሳሁት። አስተማሪ ነኝ ደግሞ እላለሁ።

ሲመሽ ባሰ። ለደሞዙ ሲሮጥ ያችን ነጭ ግልገል ገፍቷት ውኃ መጠጫው ውስጥ ገባች። አደ ሎኮ በርጩማቸው ላይ ሆነው ሁሉን አይተዋል። ተነሥተው ግልገሏን አወጡ፣ በቀሚሳቸው አደራረቁ። እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ባሌ ደወለ። ስለ ደሞዙ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ስለ እሑድ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። "እስቲ ሞክሪ" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

ዛሬ እስኪሮጥ አልጠበቅሁም። ፍየሎቹ ሳይመጡ ደጃፌ ላይ አብሬው ቁጭ አልኩ። የግቢው በር ተከፈተ፤ ሳይነሣ አጎረስኩት። የመጀመሪያዋ ገባች፤ አጎረስኩት። እሷን አየ፣ መልሶ እኔን አየ፤ አጎረስኩት። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ቂጡ ከመሬት ይነሣል፣ ይመለሳል፣ ይነሣል፣ ይመለሳል። ለሃጩ ቀሚሴን አረጠበው። የመጨረሻዋ ፍየል ስትገባ እንደተቀመጠ ነበር። የእኔ ጎበዝ! አቅፌ ግንባሩን ሳምኩት።

ብርቄ በሯ ላይ ቆማ ታይ ነበር። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ በላሽ ብዬ አይደለም የተናደድኩት" አለችኝ። "ሽታው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥብስ በሕልሜ ሳይ አደርኩ።"

ግድግዳ ይዘን ሳቅን። ከእንግዲህ ነፋሱ ወደ ውጭ በሚነፍስበት በጓሮ በኩል ልቀቅል ቃል ገባሁ። ጣሳውን ተቀብላኝ እሷም አጎረሰችው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ለእኔም ይጮህልኛል ብላ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14

ሳንባ የለም። ገበያ ቀን ነው፤ ስደርስ አልቋል። በጣሳው የቀረችው ግማሾቹ ፍየሎች እስኪገቡ እንኳ አልበቃችም። ስታልቅ ዳማ ብድግ አለ፣ በአንገቱ ይዤ አስቀረሁት። ታዲያ የሚታዘዘው ለእኔ ነው ወይስ ለሳንባው?

ለውሻ መጸለይ ኃጢአት ይሆን? ጸለይኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 15

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የወንድምየው ሞተር ሳይክል ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኮርቻው ላይ አዲስ ገመድ አለ። ሥጋ ቤቱን ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ሳንባ የለም።

አደ ሎኮ ለወንድማቸው ሥጋ ጠብሰው ውጭ ተቀምጠው ያበሉታል። ፍየሎቹ ሲመጡ ሰውየው መብላቱን ትቶ ገመዱን አነሣ። ዳማ ተነሣ። ባዶውን ጣሳ ይዤ፣ ማንኳኳቱ ማታለል መሰለኝና ተውኩት፤ ስሙን ብቻ ቀስ ብዬ ጠራሁ።

ፍየሎቹን አየ። እኔን አየ። ተንቀጠቀጠ። ቁጭ አለ።

ነጯ ግልገል እያነከሰች በአፍንጫው ሥር አለፈች። አልነካትም። ቀና ብሎ እጄን አየ። የምሰጠው የለኝም። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ከሰውየው ገመድ ይልቅ የዳማ ዓይን ከበደኝ።

አደ ሎኮ ከበርጩማቸው ተነሡ። ከወንድማቸው ሳህን አንድ ጉራጅ ሥጋ አንሥተው መጡና በእጃቸው አጎረሱት። ነክተውት የማያውቁ ሴትዮ! ለወንድማቸው በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉት፤ ሳቀ። በገመዱ ቢጫ ጀሪካን ሞተሩ ላይ አስሮ ወደ ወደራ ሄደ።

ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

"ነገስ ሥጋ ከየት ታመጫለሽ?" አሉኝ።

"እንጃ፣ አደ ሎኮ።"

"ወተት ይወድ እንደሆነ እናያለን" ብለው ፍየሎቻቸውን ሊያልቡ ሄዱ።

ለባሌ ደወልኩ፣ ስልኩ አይሠራም። ነገ ዳማ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አሁን ግን ደጃፌ ላይ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው ላይ ወተት አለ።