የቤታችን እግር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ያ የወገብ ሕመሙ ተወው ወይስ እንደለመደው ብርድ ሲነካው ይነሣበታል? ልጅሽስ ትምህርቱን ወደደው? እኛ እንደተውሽን አለን። እማዬ ጉልበቷን ብታማርርም ምላሷ ደህና ነው፤ ባለቤቴም ሰላም ናት። እኔን ከጠየቅሽኝ ቆዳና ማስቲሽ እያሸተትኩ አለሁ።

የላክሽው የእግር ልክ ደርሶኛል። አባባ እንዳስተማረን የልጁን እግር ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ ካርቶን ላይ አስቁመሽ፣ እርጥቡን ተከትለሽ በእርሳስ አስምረሽበታል። መስመሩ የተጣመመው ልጁ እየሳቀ ስላስቸገረሽ እንደሆነ ጽፈሻል፤ ቡናማ ጫማ እንደሚፈልግም አንብቤአለሁ። ጫማውን ግን አልሠራሁትም። ለምን እንዳልሠራሁት ልነግርሽ ነውና ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሞላትና ሚጣ ስንላት እንዳልሰማች ሆና ማለፍ ጀመረች፤ ይባስ ብላ የአባቷን ጫማ አልጫማም አለች። ጓደኞቿ የሚያደርጉት የሸራ ጫማ ካልተገዛልኝ ብላ እናቷን ወጥራ ያዘች፤ ተገዛላት። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀች፤ ቁርጭምጭሚቷም ሲያብጥ ሲሟሽሽ ከረመ። እኔማ ደስ ሳይለኝ አልቀረም፤ የሱቅ ጫማ ይኸው ነው እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩ። የስፖርት አስተማሪዋ ግን አስጠራችኝና፣ ልጅቷ በተረከዟ ቆማ የእግሯን ጣቶች ማንሣት እንደማትችል ነግራኝ ሐኪም ዘንድ ላከችን።

የነርቭ ሐኪሙ ለልጆች ቀልድ የማያልቅበት፣ ለወላጅ ግን ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው። በትንሽ መዶሻ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን መታ መታ አደረገ፤ እግሯ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እኔ ለማስረጃ ይዤው የሄድኩትን፣ በእጄ የሠራሁላትን ጫማ ገልብጦ ሶሉን ሲያይ ቆየ። ተረከዙ ላይ በውጭ በኩል ያለችውን የቆዳ ድርብ እየነካ ይህቺ ለምንድን ናት አለኝ። የቤታችን እግር ወደ ውጭ ስለሚያጋድል አባቴ ያወጣት ዘዴ ናት፤ ለራሱም፣ ለእኔም፣ ለእህቴም እንዲሁ ነበር የሚሠራው አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ሥራው ግሩም ነው አለኝ። ክፋቱ ግሩም መሆኑ ነው፤ በሽታውን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ጫማ ውስጥ ደብቃችሁ አኖራችሁት አለኝ። ቀጥሎ አንተም ጫማህን አውልቅ አለኝ። የእኔም እግር ለመዶሻው መልስ አልሰጠም።

አባባ ሲራመድ ጉልበቱን ከፍ እያደረገ እግሩን ጠፍ ጠፍ ያደርግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ገበያ ውስጥ ወታደሩ ሲሉት፣ ጠመንጃ ይዞ የማያውቀው ሰውዬ ወታደራዊ ሰላምታ እየሰጠ ያልፍ ነበር። ለካ የእግሩ ጫፍ አልነሣ እያለው ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ከጀርባ አጥንት እስከ እግርና እጅ ጣት የሚወርደው ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አለው። ልባሱ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፤ ጡንቻውም ቀስ በቀስ ይሰልላል። የእኛ ዓይነቱ ገዳይ አይደለም፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም። ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ ለግማሽ ነው። የደም ምርመራውም በሽታው በእኔም በሚጣም እንዳለ አረጋገጠ።

ቀደም ብሎ ለታወቀለት ልጅ ግን ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። ሚጣ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ እየገፋች የባቷን ጅማት ትስባለች። ለእኔም ስለታዘዘልኝ ጎን ለጎን ቆመን እንገፋለን፤ ባለቤቴ ቤቱን ልትንዱብኝ ነው ትላለች። የእግሯ ስሜት ስለቀነሰ ጠጠር ቢቆርጣት ላታውቅ ትችላለችና በየቀኑ ውስጥ እግሯን ታያለች። ብስክሌትና ዋና ተፈቅዶላታል። እጇ ቶሎ ስለሚደክም ትምህርት ቤቱ የፈተና ሰዓት ጨምሮላታል። ነርቭ የሚጎዱ መድኃኒቶች ስላሉ፣ አዲስ ነገር ከመዋጧ በፊት ሐኪሙ ይጠየቃል። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋት እንደሆነ አጥንቷ አድጎ ሲጨርስ ይታያል።

ትልቁ ጦርነታችን የቁርጭምጭሚት ደጋፊው ነበር። ከባት እስከ ውስጥ እግር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ጫማ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ሞቼ ነው ቆሜ አለች፤ ኋላም አልጋ ሥር እየጣለችው ትሄድ ነበር። በመጨረሻ ያንን የሸራ ጫማ ፈታሁትና፣ ሐኪሙ በሰጠኝ ልክ ውስጡን አስፍቼ፣ ላዩን እንደነበረ አድርጌ መልሼ ሰፋሁት። የሱቅ ጫማ መስፋት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አገላብጣ አየችው፣ አጠለቀችው፣ ከዚያ ያንተስ የታል አለችኝ። አሁን እኔም ደጋፊ አደርጋለሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ።

እማዬ እንዳልጽፍልሽ ለምናኛለች። ገና ስትሰማ በእኔ ወገን እንዲህ ያለ ነገር የለም ብላ ራሷን ነጻ አወጣች። ከዚያ በሰው አገር ልጄን አታስጨንቅብኝ፣ አማቶቿስ ምን ይሏታል አለች። የአባትህን ድርብ አድርግበትና ላክላት፣ ምን ቸገረህ አለችኝ። እናት ናት፤ አልፈረድኩባትም። ግን ድርቡን ካደረግሁበት ልጅሽ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ አንቺም ደስ ይልሻል፣ በሽታው ካለበትም ደግመን ደበቅነው ማለት ነው።

ካርቶንሽ ሲመጣ፣ ሚጣን በልጅሽ ዕድሜ የለካሁበትን ካርቶን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ምስማር አውርጄ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሁለቱም ተረከዙና የፊቱ አለ፤ መሃሉ ጎብጦ ካርቶኑን አልነካም፤ ሐኪሙ ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ይህ ነው ብሎኛል። እታለም፣ መስመሩ የተጣመመው ልጁ ስለሳቀ አይደለም። ሲሮጥ ይደናቀፋል፣ ቀልቃላ ነው ብለሽም ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ላይሆንም ይችላል። ፈርቻለሁ ግን። የነርቭ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ የአያቱን፣ የእኔንና የሚጣን ነገር ሳትደብቂ ንገሪልኝ። አንቺም መዶሻውን ቅመሺ፤ ሰሃን ከእጅሽ እያመለጠ ሲሰበር እማዬ ስትቆጣሽ የኖረችው ምናልባት በከንቱ ነው።

እማዬ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች፤ ይህን ሁሉ መጻፌን አልነገርኳትም። ባለቤቴ አብዝታ ሰላም ትልሻለች። ሚጣ ለአክስቴ ብላ የሸራ ጫማዋን ፎቶ ልካልሻለች። ለባለቤትሽ ወገብህን ሸፍን በይልኝ። ለልጅሽ ደግሞ፣ አጎትህ ቡናማውን ቆዳ መርጦ አስቀምጦልሃል፣ የሚቆርጠው ግን ሐኪሙ እግርህን ካየ በኋላ ነው በይልኝ። እስከዚያ የሱቅ ጫማ ግዢለት። ይህንን የምልሽ እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ጫማ ቤት፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 11 ቀን