ለስብሰባ የፈረምኩት ፊርማ

ሰኞ

ዛሬ ወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ልጽፍ ስል የራሴን ፊርማ አገኘሁት። ተራ ቁጥር አሥራ አራት፣ እታገኝ፣ መዝገብ ቤት። ፊርማዋ ጠማማ ናት፤ የእኔው ናት።

ለፖሊስ የሚላከው ደብዳቤ ስለ ኃላፊያችን ስለ አቶ ሀብቴ ነው። የምክር ቤት አባልም ናቸው። ጸሐፊያቸው ሰሚራ፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ቢሯቸው ውስጥ በግድ ያዙኝ ብላ ከከሰሰቻቸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ደብዳቤው "እኛ ስማችንና ፊርማችን የተያያዘው ሠራተኞች፣ ክሱ የኃላፊያችንን ስም ለማጥፋት የተፈጠረ ውሸት መሆኑን እናረጋግጣለን" ይላል።

እኔ ምኑን አረጋገጥኩ? ዓርብ ዕለት የሩብ ዓመት ዕቅድ ብለው ሰበሰቡን። እንደ ወትሮው "የተገኘ ይፈርም" ተባለና በር ላይ ፈረምን። የክሱ ነገር መጨረሻ ላይ "ልዩ ልዩ" ሲባል ተነሣ። ሁለት ሰው ተናገረ፤ ሌላው አቀርቅሮ ወጣ። ያችው የመገኘት ወረቀት አሁን ርእሷ ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ተደርጋ ከደብዳቤው ጋር ተያይዛለች።

ወልቂጤ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር እንዲህ ባለ ስንት ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ! የሚያነበው የለም እያልኩ።

ቁጥር አልሰጠሁትም። የማኅተም ቀለም አልቋል ብዬ ዋሸሁ።

ማክሰኞ

የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ግርማ አዲስ ቀለም ገዝቶ መጣ። ለዚህ ጊዜ ቀልጣፋ ነው! ለወንበር ስድስት ወር ለምኜዋለሁ።

ስሜን አውጡልኝ አልኩት። ሳቀ። "እትዬ፣ የተፈረመ ፊርማ ደግሞ እንዴት ይወጣል? ሰውዬው እኮ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪላቸው ድረስ ንጹህ ናቸው። ሕገ መንግሥት ነው!" አለኝ። እውነቱን ነው። መልሱ የመጣልኝ ቤት ገብቼ ልብስ ሳጥብ ነው። ሕጉ እሳቸውን ንጹህ ናቸው ብላችሁ ገምቱ አለ እንጂ እሷን ውሸታም በሏት አለ? ይህን የነገርኩት ለሳሙናው ነው። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። አቶ ሀብቴን እወዳቸዋለሁ። እናቴ ደሴ ስታርፍ መኪና ፈልገው የላኩኝ እሳቸው ናቸው። ካላደረጉት ስማቸው እንዲህ በየሻይ ቤቱ መነሣቱ ግፍ ነው። ካደረጉት ደግሞ... አልጨርሰውም። አላውቅማ።

ረቡዕ

ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የራሴን።

"ፊርማዬ ስብሰባው ላይ መገኘቴን ብቻ ያሳያል። ስለ ክሱ ያረጋገጥኩት ነገር የለም። ከአባሪው ላይ ስሜ እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ።"

ሠራተኛ ያስገባው ማመልከቻ ሁሉ ይመዘገባል፤ ደንብ ነው። ስለዚህ እኔው አመልካች፣ እኔው ተቀባይ ሆንኩና ገቢ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም መታሁበት። ከዚያ ለእነሱም ደብዳቤ ቁጥር ሰጠሁና የእኔን ግልባጭ አብሬ ባንድ ፖስታ አሽጌ ላክሁት። አንዴ ከወጣ ወጣ። ደስ አለኝ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ።

ምሳ የምንበላው አምስት ሆነን ነው። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ፣ ስደርስ "ጠግበናል" ብለው ተነሡ። ሽሮው ገና ይንተከተካል! ብቻዬን ተቀምጬ በላሁ። አስተናጋጇ "ዛሬ ምን ሆኑ?" ስትለኝ እንባዬ መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው አልኳት።

ሐሙስ

ወይዘሮ ዘይነባ የምትባል የሰሚራ አክስት ከቡታጅራ ድረስ ቤቴ መጣች። ስለ ደብዳቤዬ ሰምታለች። ነገሩ ሆነ በተባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላው ሠራተኛ መስክ ወጥቶ ቢሮ የነበርኩት እኔ ብቻ እንደሆንኩም ታውቃለች። ነገ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን እንድሰጥ ተጠርቻለሁ።

"አላህ ይስጥሽ እህቴ። ጩኸቷን ሰምቻለሁ በይልን" አለችኝ።

አልሰማሁም እኮ አልኳት።

"ወላሂ ልጅቷ አልዋሸችም! ሰምቻለሁ ብትይ ምን ይጎድልብሻል?"

ያየሁትን እናገራለሁ፣ ያልሰማሁትን ግን አልጨምርም አልኳት። ሻዩን ሳትነካው ተነሣች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አልጠጣውም ነበር።

አከራዬ እማማ ብርነሽ በግድግዳው ሰምተው ኖሮ መጡ። "ልጄ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። አንቺ ደግሞ እንግዳ ነሽ፤ ምን አስጨነቀሽ?" አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ግን እንግዳ! ከንግግራቸው ሁሉ የከነከነኝ ይኸ ነው። ቢሮ ውስጥ የሰሚራ ወገን ሆኛለሁ፤ ለእሷ ሰዎች ደግሞ የአቶ ሀብቴ ወገን ነኝ። የእኔ ወገን ማን ይሆን?

ዓርብ

ቃሌን ሰጠሁ።

ያየሁት ይኸው ነው። የመዝገብ ቤቱ በር ክፍት ነበር። ሰሚራ ከአቶ ሀብቴ ቢሮ ወጣች። ሻርፗ ከራሷ ወርዶ በእጇ ይዛዋለች። ታለቅሳለች። ጩኸት አልሰማሁም። እሳቸውንም አላየሁም።

መርማሪዋ ሴት ናት። አድርገዋል ብለው ያስባሉ ወይ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለችኝም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

"ምን ሆንሽ ብለው ጠየቋት?"

አልጠየቅኋትም አልኩ። ቀና ሳትል ጻፈችው። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ። አልጠየቅኋትም የምትለዋ ጋ ስደርስ ግን ፊቴ ጋለ። ያን ቀን የሰሚራ ዓይን ዓይኔን ሲያገኘው እኔ ፋይል ማገላበጥ ጀመርኩ። ነገር ይመጣብኛል ብዬ ነው። የኃላፊ ቢሮ ነገር ምን አገባኝ ብዬ ነው። እንዲያ ነው ያደረግሁት።

ቅዳሜ

ሰሚራ ከቡታጅራ ደወለች። ድምፅዋን ከሰማሁ ወር ሊሆነኝ ነው።

"እትዬ፣ ያምኑኛል?" አለችኝ።

የእሳቸውን ጥፋት ዳኛ ይመርምረው አልኳት። አንቺ ስታለቅሺ አይቻለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ያን አልክድም፤ ውሸት ነው የሚያሰኝ ነገርም አላየሁም አልኳት። ይኸ መልስ እንዳልሆነ እኔም ገብቶኛል። ስለዚህ ሌላውን ነገርኳት። ያን ቀን ተነሥቼ ምን ሆንሽ ማለት ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል።

"በሩ ላይ ትንሽ የቆምኩት እኮ እንዲጠይቁኝ ነበር" አለችኝ።

ስልኩ ተቋረጠ። ካርድ አልቆባት ይሁን ዘግታው አላውቅም። ሦስቴ መልሼ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሣም።