ፕሬዚዳንቱ ያፈረሱት ግንብ

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ለዚያች አፈ ጮሌ፤

እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ለምርጫው ስትጮሂ የተዘጋው ጉሮሮሽስ ተከፈተ? ባልሽስ አሁንም ይፈራሻል ወይስ ለመደሽ? እኔ ከጉልበትና ከጥርስ በቀር ሁሉም አለኝ። አያትሽም አለች፤ ደህና ናት ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ፕሬዚዳንትሽ ሰፈራችን መጥተው ነበር። ከጤና ጣቢያው የሚለየንን ግንብ አይተው ሕመምተኛ በየት ነው የሚያልፈው አሉ። መዞሪያው ሩቅ መሆኑን፣ አያትሽም የእግሯን ቁስል በየጊዜው ማሳጠብ እንዳለባት እኔው ነገርኳቸው። ክፋት የለባቸውም። መዶሻ አስመጥተው የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው ነቀሉ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ግንበኛ ቀሪውን ናደው። አያትሽ በከዘራዋ ተደግፋ በቀዳዳው ስታልፍ እንዳንቺ አጨበጨብኩ። ለካ ቸኩያለሁ።

የመኪኖቹ አቧራ ሳይበርድ ያው ግንበኛ ሲሚንቶ አቡክቶ መጣ። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለማፍረስም ለመገንባትም የምታዘዘው ካለቃዬ ነው አለኝ። አለቃው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ነው፤ ሰፈሩ "መመሪያ" ይለዋል። ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ የአገር መሪ ያፈረሰውን አንተ ማን ነህና ትገነባለህ አልኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና በትሕትና፣

"አባባ፣ ግንቡ ፕላኑ ላይ አለ። ፕሬዚዳንት ያልፋል፤ ፕላን አያልፍም" አለኝ።

ፕላኑን ማን ይለውጠዋል ብለው፣ ኮሚቴ። ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል ብለው፣ ሰብሳቢ ሲመረጥ። ሰብሳቢውን ማን ይመርጠዋል ብለው፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ፤ ባልወጣ ኖሮ በከዘራዬ ሌላ ነገር እሠራበት ነበር።

አንቺ ደግሞ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ደውለሽ፣ በቴሌቪዥን አየነው፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አልሽን። አያትሽ ስልኩን አስቀምጣ ምን አለች መሰለሽ? "ልጅቷ መንግሥት ለወጥን አለች፤ ግንበኛውን መቼ ለወጡት?" ከዚያ ወዲህ መዞሪያውን አልችልም ብላ ተኝታለች። ነርሷ እንዲህ ከቀጠለች ለእግሯ እፈራለሁ ብላኛለች። እኔም እሷን እያሳቅሁ እውላለሁ፤ ደጅ ወጥቼ ግን ያንን ግንብ ሳይ ሳቁ ይጠፋብኛል።

አንቺ እዚያ ከፕሬዚዳንትሽ ደጅ አትጠፊምና አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዳግም ሲመጡ እዘዙ አትበያቸው፤ ማዘዝስ አዘዋል። ሲሚንቶው የሚመጣው እሳቸው ሲሄዱ ነውና፣ እደሩ በያቸው። አልጋዬን እለቅላቸዋለሁ።

ባልሽን አይዞህ በይልኝ። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ፤ ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አያትሽ ናፍቆቷ ከቁስሏ እንደሚብስ ንገራት ብላኛለች።

ከነተንኮሉ የሚወድሽ አያትሽ፤
ከግንቡ ወዲህ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ።