በእጅህ አሳየኝ

ውድ ዲሪር፣

…እና አራቱ ሰዎች ብብቱን ይዘው ሊያቆሙት ሲሉ፣ "እሱን አታስነሱት፣ ወንበሩን አንሱ" ያልክበት ድምፅ። ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ያ ድምፅህ መጣብኝ። ከመካከሉ ነው የመጣው። መጀመሪያውን ስፈልግ እርጥብ አንሶላ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

መጀመሪያው እንዲህ ነበር መሰለኝ። ባለቤቴ ወልደማርያም ከባቡሩ ጥገና ቤት ለምሳ መጣ፤ በላ፤ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ልቤን" አለኝ። እኔ ባደግሁበት አገር ልቤን የሚል ሰው አፈ ጨጓራውን ማለቱ ነው። ቃር ነው፤ ያልፋል። ፋዱሞ ከጎረቤት በወተት የፈላ ሆጃ ይዛለት መጣች። የሥራ ባልደረባው አየነው ደግሞ ትናንት የቃመው ጫት ነው፣ ተነሥቶ ትንሽ ቢንሸራሸር ነፋሱ ይወጣለታል አለ። እንስቅ ነበር። ባለቤቴም ሊስቅ ሞክሯል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ ግን በሰኔ፣ በድሬዳዋ፣ የማያልበው ማን ነው?

አንተ በአጥሩ በኩል ስታልፍ ነበር። የሠራተኞቹ ክሊኒክ ድሬሰር መሆንህን ከማወቅ በቀር ትውውቃችን ያች ሰላምታህ ብቻ ነበረች፦ ለሴት እጅህን አትዘረጋም፣ መዳፍህን ደረትህ ላይ አሳርፈህ አንገትህን ዝቅ ታደርጋለህ። ያን ቀን ሰላምታ አልሰጠኸንም። ገባህ፣ ግን አልሮጥክም። ደጃፉ ላይ ቆመህ አየኸው። ከንፈሩን፣ የደረቱን መነሣትና መውረድ፣ ትከሻውን። ምን ቆሞ ያየዋል ብዬ እንደ መናደድ አልኩ።

ከዚያ ተጠጋህ። ቸኩለህ ነበር መሰለኝ፣ የራስህ ቋንቋ አመለጠህ።

"ላብ ነው?" አልከኝ።

"አዎ፣ ላብ ነው። ሙቀቱ ነው" አልኩህ።

በሶማልኛ ላብ ደረት መሆኑን በምን ልወቅ? አንተ የሚያመው ደረቱን ነው ወይ ብለህ ትጠይቃለህ፤ እኔ አልቦታል ብዬ እመልሳለሁ። የእጅህን ጀርባ ግንባሩ ላይ አሳረፍክና ፊትህ ተለወጠ። ሙቀት ያላበው ሰው ገላው ይሞቃል። ወልደማርያም ውሃ እንደያዘ እንስራ ነበር፤ ውጪው ረጥቦ፣ ቀዝቅዞ።

ቃላቱን ሁሉ ትተህ ፊቱ ተንበረከክህ።

"ወልዴ፣ አትንገረኝ። በእጅህ አሳየኝ።"

በጣቱ ይጠቁማል ብዬ ስጠብቅ እጁን ጨበጠ። ጡጫውን ደረቱ መሃል አስቀመጠው፣ የሚያመልጠው ነገር እንዳለ ሁሉ። ቆይቶ ያው ጡጫ ሳይፈታ ወደ ግራ ክንዱ ሄደ። የአየነው ሳቅ የቆመው ያኔ ነው። ሆጃውን መልሰህ ለፋዱሞ ሰጠሃት። ቀበቶውን ፈታህ፤ የእጁን ትርታ ይዘህ ዓይንህን ጨፈንክ። አየነውና ሦስት ጎረቤቶች ሊያቆሙት ሲሉ አንድ እርምጃ አይራመድም አልክ። ከዚያ ነው ወንበሩ እንዳለ የተነሣው፣ እስከ ጋሪው፣ እስከ ክሊኒኩ፣ በኋላም እስከ ሆስፒታሉ። አየነውን ብንሰማው ኖሮ፣ ነፋሱ ይውጣለት ብለን እያራመድነው… ይህን ዓረፍተ ነገር ጨርሼው አላውቅም።

አሁን ወልደማርያም ከኋላዬ ተቀምጦ ሰዓት ይፈታል። ጥገና ቤቱ የሰጠው ቀላል ሥራ ነው። ይነጫነጫል። መነጫነጩን እወድለታለሁ።

ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ልታየው ትመጣ በነበረ ጊዜ "እርስዎ" ስልህ ዞረህ ከኋላህ ትመለከት ነበር። "ከእኔ ጋር ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነው። የሺመቤት፣ ይህ ድሬ ነው፤ እዚህ እርስዎ የለም፤ አንተ በይኝ" ትላለህ። እንዲህ እየቀለድክ አስተማርከኝ። ጨጓራውን የታመመ በጣት ያሳያል፣ ልቡን የታመመ ብዙ ጊዜ በጡጫ፣ አንዳንዱ ደግሞ መንጋጋውን ብቻ ያሻል አልክ። ሁልጊዜ ነው ወይ ስልህ ቆጣ አልክ። "ሁልጊዜ" የሚለውን ቃል አትወደውም ነበር። መጀመሪያ ቁሚና እዪ፣ ከዚያ ንኪ፣ ከዚያ ጠይቂ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ላይ ማየት አቃተኝ። እጅ ነው የማየው። የሻጩን፣ የካህኑን፣ የገዛ ልጄን።

የቀፊራ ገበያውን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ። በረመዳን፣ ከቀትር በኋላ፣ ጋሪ ተገልብጦ ባለጋሪው በሺር ክንዱ ተሰብሮ ይጮሃል። ገበያው በሙሉ ከቦታል። አንተ በአጠገቡ አልፈህ ሄድክ።

"ወሪያ ዲሪር! እጄ እኮ ወደ ኋላ ዞሯል። ወይስ አንተም ዓይንህ ዞሯል?" አለህ።

"አየሁት አቦ። ስድብህን አታቋርጥ፣ እየሰማሁህ ነው።"

የሄድከው ግንቡን ተደግፋ ወደ ተቀመጠችው ሽንኩርት ሻጭ ነው፣ ወደ ኹርሲ። ጾሙ አድክሟት አሸለባት ብለው ትተዋት ነበር። ነካሃት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ገላዋ ደረቅ ነበር፤ ላብ የሚባል የለም፣ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ስሟን ስትጠራት የሌላ ሰው ስም መለሰች። ጥላ አስገባሃት፣ ሻሿን በውሃ ነከርክ፣ እኔን አራግቢ አልከኝ። ዓይኗን ገልጣ ማነህ አንተ ብላ እስክትቆጣህ ድረስ በሺርን ዞረህ አላየኸውም። በኋላ ክንዱን ስታስርለት ይቅርታ አልጠየቅከውም። "የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል" አልከኝ ወደ ቤት ስንመለስ። "አንቺ ዝም ያለውን እዪ።"

ያልከኝን አደረግሁ፣ ዲሪር። ዝም ያለውን አየሁ።

ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱ ገና ሳይሞቅ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ግንባርህን በመሐረብ ትጠርግ ነበር። የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ መሃሉ ስትደርስ ትቆምና አሸዋውን ታይ ነበር። ደረቅ አሸዋ ምኑ ይታያል? ሻንጣህን ከግራ ወደ ቀኝ እጅህ ማዛወር ጀምረህ ነበር። ስጠይቅህ ስለ ወልደማርያም መድኃኒት ጠየቅከኝ። ከዚያ እህቴን ማርያንን ላያት ነው ብለህ ወደ አይሻ ሄድክ። ተመልሼ ሐኪም አያለሁ አልክ። ከዚያ የተመለሰ ሰው በአንተ ስም ሰላምታ ብቻ ነው ያደረሰኝ።

ይህን ወረቀት ለባቡሩ ሰው እሰጠዋለሁ። በሚቀጥለው ባቡር ና። ሆስፒታል ድረስ እኔና ወልደማርያም እንወስድሃለን፤ አያስፈልግም ትል ይሆናል፣ ግን ወንበር ይዘን ጣቢያው ላይ እንጠብቅሃለን። ልትስቅብን ትችላለህ። ተቀምጠህ ትስቃለህ።

የሺመቤት ነኝ።

ስሜን ጻፍኩና ያቆምኩ መስሎኝ ነበር። ግን ወደ አይሻ የሄድክ ዕለት፣ የጣቢያው ነገር አለ። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ በር ላይ ቆመህ፣ ደወሉ ተደውሎ፣ እኔ ከታች። መንጋጋህን አሸት አደረግህ። ያን ሳይ የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ድሬም ጠፋብኝ።

"እባክዎ" አልኩህ፣ "በእጅዎ ያሳዩኝ።"

ዞረህ ከኋላህ አየህ፣ ሌላውን ሰው ፈልገህ። ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም። ሻንጣውን አስቀመጥክና ቀኝ እጅህ ቀስ ብሎ ወደ ደረትህ ተነሣ። ጣቶችህን አየሁ፤ ለሰላምታ የተዘረጉም እንደ ጡጫ የተጨበጡም አልነበሩም፣ ገና ነበሩ። ተቆጣጣሪው በመካከላችን ክንዱን ሰድዶ በሩን ዘጋው።