አየር የማይለምን እሳት

«እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ አሁን የቀረው ሙቀቱ ብቻ ነው።» ይህን ያለው የመርከባችን ባለቤቶች ወኪል ነው፤ ዛሬ ጠዋት ቢሯቸው ኮሪደር ላይ ተራዬን ስጠብቅ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁት። ትልቅ ሰው ነው፣ ክራባት ያስራል፤ ስለዚህ አመንኩት። እሳት ጠፍቶ ሙቀቱ ብቻ ከቀረ እኛም ሙሉ በሙሉ ደኅና ነን ማለት ነው፤ የቀረን ድንጋጤው ብቻ ነው።

ውድ እህቴ እትዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ቤተሰቡን በሙሉ ትረግሚያለሽ? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ዛሬም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያለች ቤቱን ታምሳለች? ልብስ ሰፊው ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ትንሽ ያስለኛል። ሐኪሙ «ጢስ ገብቶብህ ነው» አለኝ፤ እኔም እዚያው ስለነበርኩ አልተከራከርኩትም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ታናሻችን የኤሌክትሪክ ትምህርቱን ጨርሷል፤ የዘመኑ መኪና በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ የእኛ መርከብ ደግሞ ያንኑ መኪና ይጭናል፤ እንግዲህ ወዳንተ ጎትተው ነው ነገሩ። «አንተ የበላህበትን ገበታ ለወንድምህ አትንፈገው» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ጊዜ የበለጠ አመመኝ። እሳት ተነሥቶብን ነበር ብዬ በስልክ ስነግርሽም «ዙሪያህን ውሃ ከቦህ ስለ እሳት ታወራለህ?» አልሽኝ፤ ያቺ ጎረቤታችን ከኋላሽ ሆና «እውነቷን እኮ ነው!» ስትል ሰማኋት። ከሁለት ሴት ጋር በስልክ ተከራክሮ የረታ ወንድ ስለማላውቅ በወረቀት መጣሁ። ወረቀት ሲናገር ከመሐል የሚያቋርጠው የለም።

መርከብ ስልሽ ሰማያዊ ባሕርና ነፋስ እንዳይመጣብሽ። የእኛው መስኮት የሌለው ፎቅ ቤት ነው፤ ከታች እስከ ላይ መኪና ብቻ የሚያድርበት። አንዱ ከሌላው የሚርቀው በመዳፍ ስፋት ነው፤ መስታወታቸው ታጥፎ፣ ጎማቸው ከወለሉ ጋር በማሰሪያ ተጠፍንጎ። ሾፌሩ አቁሞ የሚወጣው ሆዱን ስቦ፣ ትንፋሹን ውጦ ስለሆነ በዚህ ሥራ ላይ የወፈረ ሰው አታገኚም። ማዕበል ሲመጣ መኪኖቹ ይናጡና የሌባ መከላከያ ደወላቸው ይጮኻል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል፣ ልክ እንደ ሰፈር ውሻ። እኛም «አጥወለወላቸው» ብለን እንተኛለን። መኪና ሲጮኽ የሚሮጥ ሰው ካየሽ አዲስ ገቢ ነው።

እሳቱ በተነሣበት ጉዞ ከአዲሶቹ ጋር ያገለገሉም ጭነን ነበር። አንዷ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ሆዷ ተፍቆ፣ በላዩ ላይ ትኩስ ጥቁር ቀለም ተለቅልቆ መጣች። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ የሚቀመጠው እዚያው ከሆዳቸው ሥር ነው። የመርከበኞቹ አለቃ ተንበርክኮ በእጅ መብራት አያትና «ይቺ ተመትታለች፤ ትውረድ» አለ። ይህን ሰው ሁላችንም ጋሼ ቀስበል ነው የምንለው፤ ገመድም ሲሳብ፣ ሾርባም ሲቀዳ፣ ሰውም ሲቆጣ «ቀስ በል» ሳይል ስለማያልፍ። የወደቡ ጭነት ተቆጣጣሪ ሣቀበት። «ጋሼ፣ ሙሽራ ስለተኳለች ከሠርጓ ትቀራለች እንዴ?» አለው። ጋሼም «እንግዲያው ካንተ ጋር ትደር፤ እኔ ቤት አታድርም» ሲል መለሰለት። ሁላችንም ሣቅን። ሣቃችን ሲያልቅ መኪናዋ ገብታ ታስራ ነበር።

የብስ ከዓይናችን ከጠፋ ከቀናት በኋላ፣ ረፋዱ ላይ፣ ባሕሩ ሳህን ላይ እንዳለ ውሃ ረግቶ ሳለ ከታች አንድ መኪና ጮኸች። «ማዕበል ሳይኖር ምን አጥወለወላት? አርግዛ እንዳይሆን!» አለ ወጥ ቤቱ። ከዚያ ፉጨት መጣ፤ ከፉጨቱ በኋላ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጢስ፤ ቆይቶ ጢሱ ጠቆረ። የታዘዝነውን አደረግን። ያንን ፎቅ ከውጭ ቆልፈን እሳት የሚያፍነውን ጋዝ ለቀቅንበት። አየር ያጣ እሳት ይሞታል፤ እኛ የተማርነው ይህንን ነው፤ አንቺም ዘይት የተያያዘበትን ድስት ስትከድኚ የምታውቂው ይህንኑ ነው።

ጢሱ ቆመ። ጋሼ ቀስበል ስሙን አላሰደበም፤ መመሪያው ካዘዘው በላይ አስጠበቀን። የየብሱ ቢሮ ግን በስልክ ይነዘንዘናል፦ ጠፋ ወይ? ስንቱ ተረፈ? ስለ ሰው የጠየቀ አልነበረም ብልሽ ግፍ ይሆንብኛል፤ አንዱ ጠይቋል። የተረፉትን መኪኖች ለማውረድ የሚበቃ ሰው አላችሁ ወይ ብሎ።

የድሮ መርከበኞች አንድ ዘዴ አላቸው። እሳት ያፈኑበትን ክፍል ከመክፈታቸው በፊት የብረቱ በር ላይ ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ። ምራቁ ከተንጨረጨረ ይጠበቃል፤ ዝም ብሎ ከወረደ ውስጡ ሞቷል። ጋሼ ቀስበል በጥጥ ጭነትም፣ በእንጨትም፣ በዘይትም ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሲሠራ ምራቁ ዋሽቶት አያውቅም። እንትፍ አለ፤ ወረደ። ቆየት ብሎ ደገመው፤ ወረደ። ካፒቴኑ «አሁንስ?» ሲለው «አሁንማ ቀዝቅዟል። ግን ቀስ በሉ» አለና እኛን በክርኑ ወደ ኋላ ገፍቶ ራሱ ከፈተው።

ነፋሱ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ።

ነገሩን በኋላ ያስረዳን በጎታች ጀልባ የመጣ እሳት አጥፊ ነው። «ይሄኛው እንደሌላው አየር አይለምንም፤ ስንቁን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው» አለኝ። ጋዙ ነበልባሉን ያፍነዋል እንጂ ባትሪው ውስጥ ለውስጥ መንደዱን አይተውም፤ እየነደደ የሚተፋው ትነት ደግሞ ክፍሉን ይሞላና በር የሚከፍትለት ሰው ይጠብቃል። እኛ የከፈትነው በር ከነጭዋ መኪና ርቆ በወዲያኛው ጫፍ ያለ ነውና ብረቱ ቢቀዘቅዝ አይገርምም። «ይህን ቀድሞ የነገረን ሰው የለም» አልኩት። «እንዴ፣ ተጽፏል እኮ!» አለኝ። የት ብዬ ብጠይቀው፣ «እኛ ጋ» አለ።

ያን ዕለት ጋሼን ከኋላችን አገኘነው፤ በሩም አብሮት ነበር። እስከ ማምሻው በሕይወት ቆይቷል። እጄን ይዞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተንጨረጨረ እንዴ?» አለኝ። «የለም ጋሼ፣ አልተንጨረጨረም» አልኩት። «እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት» አለ።

ወኪሉ ዛሬ ተራዬ ደርሶ ስገባ የምርመራውን ውጤት በትሕትና ነገረኝ። ሟቹ «ያልተፈቀደ ዘዴ» ተጠቅሟል፤ ምራቁን ማለታቸው ነው። የተፈቀደው ዘዴ የትኛው ነበር ብዬ ብጠይቅ ገና እየተዘጋጀ ነው ተባልኩ። ስለ ነጭዋ መኪናስ? ላኪዋ ጉዳት የለባትም ብሏል፤ ቀለም ተቀብታ ነበር ብል ቀለሙን አሳየን አሉኝ። እትዬ፣ ከመኪናዋ የቀረውን ብታዪው በመጥረጊያና በአካፋ የሚወጣ ነው።

መኪናዋን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ቤንዚን የሚጠጣውም ይነድዳል፤ እሳት አጥፊው እንዳለኝ እንዲያውም አብዝቶ የሚነደው እሱ ነው። ግን እሱ ሲሞት ይሞታል። የሞተ መምሰል የሚያውቀው ይሄኛው ነው፤ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምናድረውን ሰዎች ደግሞ ይህን ጠባዩን ለማስተማር ጊዜ የነበረው አልተገኘም። ለመጫን ግን ጊዜ አልጠፋም።

ስለዚህ ትንሹን አትላኪው። ኤሌክትሪክ ያውቃል ትያለሽ፤ ኤሌክትሪክ ግን እሱን አያውቀውም። ጎረቤት ቤት መብራት ሲጠፋ ጫማውን ሳያጠልቅ የሚሮጥ ልጅ እኮ ነው፤ በሩ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ማን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ ወደ ኋላ በክርኑ የሚገፋው ጋሼ ቀስበልም ከእንግዲህ የለም። እዚያው ይዋል። የሰው ሶኬት ይጠግን፣ የተቃጠለ ምድጃ ይፍታ። ሥራ የለም ትይኛለሽ፤ አውቃለሁ። ሥራ የፈታ ሰው ይነጫነጫል፣ ያመሻል፣ ፊቱን ያጠቁርብሻል፤ ቢሆንም ተጠርቶ «አቤት» ይላል። ምቀኛ ነው ካለኝ ይበለኝ። እንዲያውም አንቺው ቀድመሽ ምቀኛ ነው በይልኝ፤ ተናዶ ይቀራል፤ ተናዶ መቅረትም መቅረት ነው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የጢሱን ነገር አትንገሪያት፣ ብርድ ነው በያት። ልብስ ሰፊውን ባለቤትሽን፣ የላከልኝ ሱሪ በልክ ሆኗል፤ ያልሆነው ልኬ ነው በይው። ትልቋን ልጅሽን፣ የላክሽልኝ ሥዕል ላይ መርከቡ ፈገግ ብሏል፤ እንዲህ ያለ መርከብ ካገኘሽ ንገሪኝ በያት። መንትዮቹን አንዱን ሁለት ጊዜ እንዳትስሚው፣ ተጠንቅቀሽ እየለየሽ ሳሚያቸው። ያቺን ጎረቤታችንን፣ ዙሪያዬን የከበበኝ ውሃ ሰላም ብሎሻል በያት። ትንሹን ግን እንዳትስሚልኝ፤ ከሳምሽው ይጠረጥራል።

ወንድምሽ፣
ከወደቡ የመርከበኞች ማረፊያ፣
ኅዳር ፲፪ ቀን።

የጋሼ ቀስበል ቦታ ለእኔ ተሰጥቶኛል። ሐሙስ እንነሣለን።