የገብረአብ ጎመን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ገብረመንፈስቅዱስ፤ ጅቡቲ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት? እኛ ከናፍቆትዎና ከዘመኑ ጭንቀት በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሼ፣ ከጦርነቱ በፊት እርስዎ ያስገቡኝ የአትክልት ማኅበር፣ ያ ከአዲስ አበባ ለየአገሩ ድሃ ዘር በነጻ ያድል የነበረው፣ ሊያስገድለን ነበር። ጣሊያን ማኅበር ሁሉ ከከለከለ ወዲህም በእጄ የቀረውን ዘር ማደል አልተውኩም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ቤቴ ሲፈተሽ የሠላሳ ሁለት ዘር ተቀባዮች ስም ያለበት መዝገብ ተገኘ። የምሽጉ አዛዥ «ይህ የሽፍቶች ስም ነው» አለኝ። ጎመንና ድንች ተካዮች ናቸው ብዬ ብምልም አላመነኝም። «ረቡዕ ጠዋት በየቤታቸው ትመራኛለህ፤ ያልተከለ ሰው ከተገኘ ቤተሰቡም አንተም ትሰቀላላችሁ» ብሎ አሰረኝ።

ጎረቤታችን ገብረአብ ዘሩን ወስዶ ሳይዘራው ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ገብቷል፤ ጓሮው ዳዋ ለብሷል። ባለቤቴ እናናየሁ ስንቅ ስታቀብለኝ «የገብረአብ ጓሮ» ብዬ ሹክ ከማለት በቀር ጠባቂዎቹ ፋታ አልሰጡኝም።

ረቡዕ ደጁ ስንደርስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ዳዋው ተመንጥሮ ጓሮው ጎመን በጎመን ሆኗል! ለካ እናናየሁ ነገሩ ገብቷት ነግራቸው፣ የመንደሩ ሴቶች ማክሰኞን ሙሉ ከየጓሯቸው እየነቀሉ፣ በነጠላቸው እየሸፈኑ አምጥተው ተክለውታል። ግን ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ መሬት ተኝቷል። አዛዡ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። የገብረአብ ሚስት ንጋቷ፣ ባሏን «ለገበያ እነዋሪ ሄዷል» ያለች ደፋር ሴት፣ አሁን ግን ጎንበስ ብላ የተኛውን ቅጠል ታቃና ጀመር።

አስተርጓሚው የመዘዞ ገበሬ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ዳሰሰ፤ ገና ርጥብ ነው። ቀና ብሎም ትክ ብሎ አየኝ። አለቀልን ብዬ ስጸልይ በጣሊያንኛ ጥቂት ተናገረና አዛዡ ፊቱን አዙሮ ወጣ። ሲለቁኝ ያ ሰው በአጠገቤ እያለፈ «ውርጭ መታው ብዬዋለሁ» አለኝ። ስሙን እንኳ አላውቅም።

ከጎመኑ እኩሌታው ደረቀ፣ የቀረው ጸድቋል። የሴቶቹ ጓሮ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዬን በኮርቻው ሥር ደብቆ በሚያደርስልዎ በአልዩ አምባው ነጋዴ በረሺድ እጅ የጎመን ዘር ይላኩልኝ። ይህን ወረቀት ግን አንብበው ያቃጥሉት።

እናታችን ጉንጭዎን ትስማለች፤ እናናየሁ እጅ ትነሣለች። እትዬ አስካለን፣ አበባውንና ኃይለሚካኤልን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ዘሩን ሳድል ከእንግዲህ የማንንም ስም አልጽፍም።

ታናሽ ወንድምዎ ብርሃነ መስቀል
አንኮበር፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.